የጊንጧ ቤት ሲተነፍስ

ጡረታ የወጡት ሰዓት ሠሪ በሕንጻ መሣሪያ ሱቁ ባንኮኒ ላይ ተደግፈው፣ በመደርደሪያው ላይ ያለውን የማሸጊያ ፕላስተር ሁሉ አስወርደው አንዱንም አልወደዱትም።

«ይሄኛው ጠብታ ውሃ አያስገባም፣ ጋሼ» አለ ባለሱቁ፣ የመጨረሻውን ጥቅል እያቀበላቸው።

«ውሃ ማን ጠየቀህ? እኔ አየር ነው ያልኩህ። አየር የማያስገባ!»

«ምን ሊያሽጉበት ነው?»

«ቤት።»

«የማንን ቤት?»

«የጊንጥ።»

ባለሱቁ ሳቁን ሳል አስመስሎ ዋጠው። ከኋላ ወረፋ ይዛ የነበረችው ወጣት ግን አልሳቀችም። ልጅቱ ከሰዓት ሠሪው በላይ ባለው ፎቅ የምትኖር የጎረቤታቸው ልጅ ናት። ትምህርቷን ጨርሳ በአንድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነፍሳት በሚረቡበት ክፍል ከተቀጠረች ጀምሮ የሕንጻው ሰው «ምሁሯ» ይላታል፤ ግማሹ በኩራት፣ ግማሹ በሽሙጥ። ሰዓት ሠሪው ከኋለኞቹ ወገን ነበሩ።

«ደህና ዋሉ፣ ጋሼ? ጊንጧን ምን ነካብዎት?»

«እሷን ምንም አልነካት። ቤቷን ነው ሻጋታ ያስቸገረው። ዛሬ ግን በር እዘጋበታለሁ።»

«ባይዘጉበት ይሻላል። እንዲያውም ይክፈቱለት።»

ሰዓት ሠሪው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ሻጋታ በር ሲከፈትለት አመስግኖ የሚሄድ እንግዳ መሰላት እንዴ? የመጨረሻውን ጥቅል ገዝተው ወጡ። መንገዳቸው አንድ ስለነበረ ግን ልጅቱ ከጎናቸው አልጠፋችም።

እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉት ከአቧራ ጋር ነው። ለሰዓት ሠሪ ብናኝ ማለት ጠላት ነው፤ ከዓይን ሽፋሽፍት የቀጠነች ቅንጣት አንድን ደህና ሰዓት ቀጥ ታደርገዋለች። ስለዚህ መልካም ክዳን ማለት በእሳቸው ቋንቋ እስትንፋስ የማያሳልፍ ክዳን ነበር። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ሥራቸውን ከተዉ በኋላ፣ የቀራቸው የሥራ ጠረጴዛቸውና በዓይናቸው ላይ የሚሰኳት ማጉያ መነጽር ብቻ ሆኑ። መነጽሯ የምታየው ነገር ስታጣ፣ አንድ ቀን እንስሳት ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ሄደው መዳፍ የምታህል ጥቁር የደን ጊንጥ ገዝተው መጡ። ስሟንም «እመቤት» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ልብሳቸውን ለብሰው፣ እንደ ድሮው ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው እመቤትን ያያሉ። የመቆንጠጫዎቿ መገጣጠሚያ፣ የጅራቷ አንጓዎች፣ እያንዳንዱ በቦታው። እንዲህ ያለ አሠራር የትኛውም ፋብሪካ ሲሠራ አላዩም። እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ዓይናቸው ሥራ አግኝቷል።

ሥራው ግን አደጋ ላይ ወድቋል። ሳጥኑ ውስጥ ሻጋታ ከገባ ወዲህ ቤቱ የእርጥብ ካልሲ ሽታ ይሸታል። ባለቤታቸውም ቁርጡን ነግረዋቸዋል፤ «እስከ እሑድ ይሄ ሽታ ካልጠፋ ወይ እሷ ትወጣለች ወይ እኔ እወጣለሁ። እኔ ደግሞ የትም አልሄድም።»

«ጋሼ» አለች ምሁሯ ደረጃውን ሲጀምሩ፣ «ሻጋታው ከየት የመጣ ይመስልዎታል?»

«ከውጭ ነዋ! በአየር እየተንሳፈፈ። ይሄ ትምህርት ቤት ሳይገባም ይታወቃል።»

«ልክ ነዎት፣ ዘሩ በአየር ነው የሚመጣው።»

ሰዓት ሠሪው ደስ ብሏቸው አንድ ደረጃ በፍጥነት ወጡ።

«ግን ዘሩ ድሮም ውስጥ አለ» ብላ ቀጠለች። «መሬቱ ላይ አለ፣ እንጨቱ ላይ አለ፣ ለምግብ በሚሰጧት ፌንጣ እግር ላይ ሳይቀር አለ። እርስዎ አሁን በር ሲዘጉ ሌባውን ከቤቱ ሰዎች ጋር ቆለፉት ማለት ነው።»

«እንግዲህ ሌባው ታፍኖ ይሙታ!»

«እሱ ሲታፈን ነው የሚፋፋው፣ ጋሼ። የሚሞቱት የቤቱ ሰዎች ናቸው።»

ሰዓት ሠሪው በራቸው ጋ ደርሰው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቁልፉ ቀዳዳውን ለማግኘት ጥቂት ዞር ዞር አለ፤ ምሁሯም እንዳላየች ሆና ወደ ግድግዳው ተመለከተች። ይህን ትሕትናዋን ሽማግሌው አስተዋሉ። «ነይ ግቢ» አሏት በለሰለሰ ድምፅ። «እንደ ወሬ አይደለም፤ ራስሽ እዪውና ፍረጂ።»

ሳጥኑ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ወፍራም መስታወት ነው፤ ክዳኑ ዙሪያውን ጥቁር የጎማ ቀለበት አለው። «ውሃ የማያስገባ ሰዓት ላይ የሚገባው ዓይነት ነው፤ ትልቁን በልኩ ያሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ ሰዓት ሠሪው፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። ሻጩ በጎኑ ትቷቸው የነበሩትን ቀዳዳዎች በሰም ደፍነዋል። ወለሉ ላይ ከታች ካለው አናጢ ያመጡት ሰጋቱራ ተነስንሷል፤ ጠዋትና ማታ ውሃ ይረጩበታል። ሰጋቱራው አሁን በነጭ ፀጉር ተሸፍኖ፣ ያልተበላች ፌንጣ ደግሞ ጥግ ላይ አረንጓዴ ካባ ለብሳ ተጋድማለች። እመቤት በውሃ መጠጫው ሸክላ ጠርዝ ላይ ወጥታ፣ እግሮቿን ሰብስባ ቆማለች።

ምሁሯ ጎንበስ ብላ ሳጥኑን ከጥግ እስከ ጥግ መረመረችው።

«ምነው? ተናገሪ እንጂ» አሉ ሰዓት ሠሪው።

«ለምን እዚያ ላይ እንደወጣች ያውቃሉ?»

«ትጠጣለች።»

«አይደለም፣ ጋሼ። በዚህ ቤት ውስጥ ያልረጠበ ነገር ያ ጠርዝ ብቻ ስለሆነ ነው። ደግሞ ጎኗን ይዩት፤ ጥቁሩ ቅርፊት ተለያይቶ በመካከሉ ነጣ ያለው ቆዳ ተወጥሯል። እመቤት እርጉዝ ናት።»

ከኩሽና የሳህን መንኳኳት ይሰማ ነበር፤ አሁን ቀጥ አለ። የሰዓት ሠሪው ባለቤት እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ብቅ አሉ።

«ምን አልሽ አንቺ ልጅ? እርጉዝ?»

«አዎ፣ እትዬ። ጊንጥ እንቁላል አትጥልም፣ ትወልዳለች። ልጆቿን ደግሞ ጀርባዋ ላይ አዝላ ነው የምታሳድገው።»

«በይ ይሄ ነበር የቀረን!» አሉ እትዬ ጭንቅላታቸውን ይዘው። «አንተ ሰውዬ፣ አንዷን አልቻልናት፣ አሁን ደግሞ ከነልጅ ልጇ ልታኖረን ነው?»

ሰዓት ሠሪው አልሰሟቸውም። መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ወደ ሳጥኑ አጎነበሱ። እስከ ዛሬ የወፈረችው በእሳቸው አያያዝ መስሏቸው ለሰው ሁሉ ሲያወሩ ነበር። «ልጆቹ እዚህ ውስጥ ቢወለዱስ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ሲወለዱ ቆዳቸው ስስ ነው። እዚህ ሻጋታ ውስጥ መትረፋቸውን እጠራጠራለሁ። እውነቱን ልንገርዎት? እናትየዋም ታሰጋኛለች። ሳንባዋ ያለው ሆዷ ሥር ነው፤ ከዚህ ወለል ጋር እየታከከች ነው የምትተነፍሰው።»

እዚህ ላይ ሽማግሌው ተቆጡ። ሰው ጥፋቱን ከፍቅሩ ጋር አንድ ላይ ሲያሳዩት መጀመሪያ የሚመጣለት ቁጣ ነው።

«ስሚኝ! ይሄ ፀጉር የሸበተው ክዳን ሲገጥም ነው! እኔ የዘጋሁት ነገር ውስጥ ብናኝ ገብቶ አያውቅም!»

«አውቃለሁ። አባቴ እስከ ዛሬ የሚያስረው እርስዎ የዘጉትን ሰዓት ነው። ግን ጋሼ፣ ሰዓት አይተነፍስም።»

ሰዓት ሠሪው በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩምና ሌላ መንገድ ፈለጉ።

«እሺ፣ ይከፈት እንበል። ይቺ ፍጡር የደን ናት፤ ሻጩ ራሱ እርጥበት ካጣች ትሞታለች ብሎኛል። አየር ሲገባ ይደርቃል። ብዘጋው በሻጋታ፣ ብከፍተው በድርቀት ላጣት ነው። እስቲ በዚህ መውጫ ፈልጊለት፣ ምሁሯ!»

«ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች ልጅቱ፣ ዓይኖቿ በርተው። እንደ እውነቱ ከሆነ ከሱቁ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ነበር። «እርጥበት ሌላ፣ ረግረግ ሌላ ነው። ደን ውስጥ ቅጠሉን ገለጥ ቢያደርጉት ላዩ ደርቆ ሥሩ ርጥብ ነው። እኛም እንደዚያ እናደርጋለን። ከታች ጠጠር፣ ከላዩ የኮኮናት ቃጫ፤ ሰጋቱራው ግን ይውጣ፣ እሱ ራሱ ለሻጋታ ቀለቡ ነው። ውሃውን ከላይ መርጨት ትተን በአንድ ጥግ ብቻ እናፈሳለን፤ ወደ ጠጠሩ ወርዶ ከሥር ቀስ እያለ ያረጥባል። አየሩ በአንዱ ጎን ዝቅ ብሎ ይገባል፣ በሌላው ጎን ከፍ ብሎ ይወጣል። እሷ ርጥቡን ስትፈልግ ትቆፍራለች፣ ደረቁን ስትፈልግ ላዩ ላይ ትቀመጣለች። ምርጫው የእሷ ነው።»

«ወሬው ያምራል» አሉ ሰዓት ሠሪው። «እኔ ግን በወሬ የተጠገነ ሰዓት አላየሁም።»

«እንግዲያው እንሞክረው። ሁለት የመስታወት ማሰሮ እናዘጋጅ፤ አንዱን እርስዎ እንደሚያውቁት፣ አንዱን እኔ እንደማውቀው። በሁለቱም ውስጥ አንድ አንድ የሞተ ፌንጣ እናኑር። እሑድ ጠዋት ከፍተን እናያለን። እመቤት እስከዚያ ከሥራ ቦታዬ በማመጣው ንጹሕ ሳጥን ትረፍ።»

«ሁለቱም ከሻገቱ ደግሞ» አሉ እትዬ ጣታቸውን ቀስረው፣ «ጊንጧም ማሰሮዎቹም ባንድ ላይ ይወጣሉ። ዳኛዋ እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ማሰሮዎቹ ተዘጋጁ። ሰዓት ሠሪው ሰጋቱራቸውን ጠቀጠቁ፣ ውሃ ረጩ፣ ክዳኑን በጎማ ቀለበት ገጥመው፣ በእልህ ደግሞ በአዲሱ ፕላስተር ዙሪያውን ጠመጠሙት። ምሁሯ ጠጠሯንና ቃጫዋን ደልድላ፣ በጥግ በኩል ውሃ አፍስሳ፣ አፉን በስስ ጨርቅ አሰረችው። ከማሰሯ በፊት ግን ከትንሽ ብልቃጥ አንድ ነገር አራገፈችበት።

«ቆይ! ምንድን ነው የጨመርሽው?»

«ሠራተኞች ናቸው።»

ሰዓት ሠሪው መነጽራቸውን ሰኩ። ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ፣ ነጫጭ፣ ብድግ ቁጭ የሚሉ ነፍሳት ቃጫው ላይ ተበትነው አዩ።

«ሻጋታ ነው የሚበሉት» አለች ምሁሯ። «እሷን አይነኳትም፣ ከርጥብ መሬት ወጥተውም ቤት ውስጥ አይኖሩም። እኛ ሥራ ቦታ በየሳጥኑ አሉን።»

«ይሄማ ማጭበርበር ነው! እኔ ብቻዬን ስሠራ አንቺ ሰው ቀጥረሽ?»

«እርስዎ ሰዓት ውስጥ ዘይት ጠብ ሲያደርጉ አጭበረበሩ ይባላል?»

«ዘይቱ አይዘልማ!» አሉ ሽማግሌው፤ ሆኖም ሳቃቸው አመለጣቸው።

የሳምንቱ ቀናት በዚህ ቤት እንደ ምርጫ ሰሞን አለፉ። ሰዓት ሠሪው ከእንቅልፋቸው ሲነሱ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ወደ ማሰሮዎቹ ይሄዳሉ። መጀመሪያ የእሳቸው ማሰሮ ግድግዳ ላይ ላብ ወጣ። «አየሽ፣ እርጥበቱን ይዞታል!» አሉ ለባለቤታቸው። ከዚያ ከፌንጣዋ ሆድ ላይ አንድ ነጭ ክር ተመዘዘ። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ክሩ እየተባዛ ሲሄድ ማሰሮውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት።

«ምነው አፈረ እንዴ?» አሉ እትዬ በአጠገቡ ሲያልፉ።

እሑድ ጠዋት ምሁሯ በሩን ስታንኳኳ፣ ሰዓት ሠሪው ካናቴራቸውን ሳይሆን ደህና ሸሚዛቸውን ለብሰው ከፈቱላት። የእሳቸው ማሰሮ መጀመሪያ ተከፈተ፤ ፕላስተሩ ተልጦ ክዳኑ ሲነሳ እትዬ አፍንጫቸውን ይዘው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። ፌንጣዋ አትታይም፤ በቦታዋ ግራጫና አረንጓዴ ጥጥ በቅሏል። የምሁሯ ማሰሮ ጨርቁ ሲፈታ ግን ዝናብ ያቆመበት ሜዳ ሸተተ። ቃጫው ላዩ ደርቋል፤ ሰዓት ሠሪው ጣታቸውን ሰደድ ሲያደርጉ ሥሩ ቀዝቃዛና ርጥብ ነው።

መነጽራቸውን ሰክተው በፌንጣዋ ላይ አጎነበሱ። እጃቸው ጠረጴዛውን ይዞ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይናቸው ግን አይነቃነቅም። በፌንጣዋ ክንፍ ላይ አንዲት የሻጋታ ክር ብቅ ስትል፣ ነጫጮቹ ሠራተኞች እንደ በግ መንጋ ተሰብስበው ሲግጧት አዩ። እዚያው ቆዩ። በሕይወታቸው እንቅስቃሴው ይህን ያህል ያማረ ነገር ከፍተው አያውቁም።

«ጋሼ?» አለች ምሁሯ ቀስ ብላ።

ሰዓት ሠሪው ቀና አሉ፤ መነጽራቸውን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። «ስትወለጂ አባትሽ ሰዓት ሊያሠራ መጥቶ፣ ሴት ልጅ ተወለደችልኝ ብሎ ነግሮኝ ነበር» አሉ። «እኔ እስካሁን በዚያ ዕድሜ ላይ እንዳለሽ አድርጌ ነው ያናገርኩሽ። ተረትቻለሁ፣ ልጄ። አሁን ተነሺ፤ ቤቱን እንሥራ።»

«ገና አልጨረስንም!» አሉ ዳኛዋ፣ ሽርጣቸውን ፈተው ወንበር ላይ እየጣሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ቤትስ? አቧራ ይገባል እያልክ የመኝታ ቤቱን መስኮት ስንት ዘመን ዘጋህብኝ? ቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አይተኸዋል? እኔ ክፈት ስልህ ያልሰማኸውን ለጊንጥ ሲሆን ሰማህ!»

ሰዓት ሠሪው ወደ መኝታ ቤት ገብተው ከመስኮቱ ጋር ትንሽ ታገሉ፤ ቀጥሎ የቆየ ቀለም ሲላቀቅ ጠጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። መጋረጃው ወደ ውስጥ ተነፋ። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ረጅም አየር ሳቡ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጊንጧ መውጣት በዚያ ቤት የተነሳ ነገር የለም።

የእመቤት ሳጥን ያንኑ ቀን ባዶ ተደረገ። ሰጋቱራው ተጣለ፤ መስታወቱ በፈላ ውሃ ብቻ ታጠበ። ሰዓት ሠሪው አልኮል ይጨመርበት ብለው ነበር፤ ምሁሯ ግን የጠንካራ ነገር ሽታ ለእሷ መርዝ ነው ብላ ከለከለቻቸው። ሰሙ ከቀዳዳዎቹ ተፋቀ። ቀዳዳዎቹ ሰፋ ያሉ ስለነበሩ የሚወለዱት ልጆች እንዳያመልጡ ምን ይደረግ ሲባል፣ ሽማግሌው ከመሳቢያቸው ከቀጭን ብረት እንደ መረብ የተሠሩ አሮጌ የሰዓት ማሰሪያዎች አወጡ። በመቀስ ቆርጠው፣ በየቀዳዳው ላይ ለጠፏቸው። እጃቸው ቢያስቸግራቸውም ማንም አላገዛቸውም፤ እሳቸውም እርዱኝ አላሉም። ሲያልቅ ምሁሯ ተጠግታ አየችው። «እኛ ሥራ ቦታ እንዲህ ያለ የለንም» አለች፤ ውሸቷን አልነበረም።

ያልተበላ ፌንጣ ሳያድር የማውጣቱ ሥራ ለሰዓት ሠሪው ረጅም ወረንጦ ተሰጠ። ውሃ በአንድ ጥግ፣ መጠኑም ቃጫውን ጨብጠው ሲጨምቁት ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ብቻ ሆነ። እመቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ዞረች። ከዚያ ምሁሯ ባስቀመጠችላት ደረቅ የዛፍ ቅርፊት ሥር ጉድጓድ መቆፈር ጀመረች፤ ወደ ሸክላው ጠርዝ ዳግመኛ አልወጣችም።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ሰዓት ሠሪው ጢማቸውን ሲላጩ የባለቤታቸው ጩኸት ቤቱን አናጋው።

«ና! ቶሎ ና! ሻጋታው ተመልሷል! ጀርባዋ ላይ ወጣባት!»

ሽማግሌው በግማሽ ፊታቸው ሳሙና እንደያዙ ሮጡ። እመቤት ከቅርፊቱ ሥር ወጥታ ቆማለች፤ ጀርባዋ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኗል። መነጽራቸውን ለመሰካት ሁለት ጊዜ ሳቷቸው፤ በሦስተኛው ገባላቸው። ነጩ ነገር ተንቀሳቀሰ። እግር ነበረው። ጅራት ነበረው። ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ መቆንጠጫዎች እርስ በርስ ተደራርበው የእናታቸውን ጀርባ ይዘዋል።

«ሻጋታ አይደለም» አሉ ሰዓት ሠሪው። «ልጆች ናቸው። ወለደች!»

እትዬ መነጽሩን ነጥቀው አጎነበሱ። «ውይ! እያት ይቺን፣ ልትወድቅ ነው... ወጣች፣ ወጣች!» ከዚያ መቁጠር ጀመሩ፤ ልጆቹ ቦታ እየተለዋወጡ አላስቆጥር ሲሏቸው ተሳደቡ፣ እንደገና ጀመሩ። ሰዓት ሠሪው በሳሙና ፊታቸው ወደ ደረጃው ወጥተው «ምሁሯ! ምሁሯ!» ብለው ሲጣሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቃሉ ውስጥ ሽሙጥ አልነበረም። የየፎቁ በር ተከፈተ። በዚያ ጠዋት የእመቤትን ልጆች ሳያይ ሥራ የሄደ ጎረቤት አልነበረም።

ወሬው እንስሳት ሻጩ ዘንድ ለመድረስ አልዘገየም። ሰውዬው ሸጦ ያወጣት ጊንጥ ወልዳለች ሲባል ልጆቹን ልግዛ ብሎ መጣ፤ ሳጥኑንም ዞሮ ዞሮ አየው።

«የእኔዎቹ በሻጋታ ነው የሚያልቁት፣ ጋሼ» አለ። «መሬቱን በየሳምንቱ እቀይራለሁ፣ እንዳይደርቅባቸው በላስቲክ እሸፍናለሁ፤ ምንም አይረባ። እርስዎ ምን መድኃኒት ነው ያደረጉበት?»

«መድኃኒቱ አየር ነው» አሉ ሰዓት ሠሪው። አስቀምጠውትም ነገሩን ሁሉ ከጠጠሩ እስከ ነጫጮቹ ሠራተኞች አስረዱት። «ተመልከት፤ ይሄን መሬት ከዚያ ወዲህ አልቀየርኩትም። ድሮ ጠዋትና ማታ ስረጭ እውል ነበር፤ አሁን አልፎ አልፎ አንድ ብርጭቆ በጥግ አፈሳለሁ፣ ትርፍራፊዋን አነሳለሁ፣ በቃ። ሽታ የለ፣ ልፋት የለ። እሷ ትበላለች፣ ትቆፍራለች፣ ይኸው ወለደች። የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ሳይቀር ደርቋል። እኔ እኮ ለዘመናት አሽጌ ያዳንኩ ሲመስለኝ እያፈንኩ ነበር። ይህን ያስተማረችኝ በእድሜ የልጅ ልጄ የምትሆን ናት፤ ለመስማት ግን ግማሽ ሳምንት ተከራክሬያታለሁ። አንተ እንደኔ ጊዜህን አታባክን።»

ሻጩ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ፣ አስብበታለሁ። ለመሆኑ ልጆቹን መቼ ልውሰድ?»

ከኩሽና በር ላይ ቆመው ያዳምጡ የነበሩት እትዬ ይህን ሲሰሙ ገቡ። በሻጩና በሳጥኑ መካከል ቆመው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ገና ከእናታቸው ጀርባ አልወረዱም፣ የምን መውሰድ ነው? ሂድና ላስቲክህን ግፈፍ፣ የሞተውን ፌንጣ ልቀም፣ ቀዳዳ ክፈትላቸው። ከዚያ ጥራኝ፤ መጥቼ በአፍንጫዬ አሸተዋለሁ። እኔ ልጅ የምሰጠው ቤቱን አይቼ ነው።»